ባለቤት አልቀረበም

በዚያ ማክሰኞ በላይነሽ የተነሣችው እንደ ወትሮዋ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በሰፈሩ ውሃ የሚለቀቀው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ እሱም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይሄዳል። ቧንቧው ሲያጉረመርም ሰምታ ቢጫ ጀሪካኖቿን ከግድግዳው ሥር ደረደረች፣ ጎማውን ሰካች፣ ዝገት ያቀላውን የመጀመሪያ ውሃ ለአበቦቹ ደፋችው። ሰኔ ገብቶ እንኳ የአዳማ ሙቀት አልበረደም፤ ትናንት ማታ የነፈሰው ነፋስ ግቢውን በአቧራ ለብጦት አድሯል። ልጇ ሊዲ የጥርስ ቡሩሽ አፏ ውስጥ እንደያዘች ወጣችና የሞላውን ጀሪካን እየጎተተች ባዶውን ታቀብላት ጀመር። ሊዲ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ሰርቪሷ ዋናው መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ያልፋል። ስለ ሽንኩርት አወሩ። ባለፈው ሳምንት ሰማንያ ብር የነበረው ኪሎ ሽንኩርት ትናንት መቶ አሥር ገብቷል፤ ሊዲ ግማሽ ኪሎ ገዝታ ተመልሳለች። «ግማሽ ይበቃናል፣ ሁለት ሰው አይደለን እንዴ» አለች በላይነሽ። ተናግራ እንደጨረሰች ቃሏ ግቢው መሃል ቆመ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጀሪካኑ ሲሞላ ተመለከቱ።

የግቢው የቆርቆሮ በር ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ ነው። በላይነሽ ጎማውን ወደ ቀጣዩ ጀሪካን ልታዛውር ስትል በዚያ ክፍተት ሦስት ጥንድ ጫማ አየች። አንደኛው ቀለም የተቀባ ያረጀ ጥቁር ቆዳ፣ ሁለተኛው በካልሲ የተጫሙት ነጠላ ጫማ፣ ሦስተኛው ተረከዙ የተበላ ሸራ ነው። አያንኳኩም። ቆመው ይንሾካሾካሉ። «አንተ ቅደም።» «ኧረ አንተ፣ በዕድሜ አንተ ነህ የምትበልጠው።»

በዚህ ሰዓት ሦስት ሰው በር ላይ ቆሞ ሲንሾካሾክ ምን እንደሚያመጣ አገሩ በሙሉ ያውቃል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ማታም አይነገርም። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ የመጨረሻዋን የሰላም እንቅልፍ ይተኙ ተብሎ ሌሊቱ ይታለፍና፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ሽማግሌዎች ሦስት አራት ሆነው ይመጣሉ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ባሏ ይትባረክ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወደ ጅቡቲ ሲነዳ ሚሌ አጠገብ የተገለበጠ ጊዜ እንዲሁ ነበር የመጡት። ያኔ ማክሰኞ ይሁን ዓርብ አታስታውስም። ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ፣ የሚዘጋው ሰው ጠፍቶ ግቢው ጭቃ ሲሆን ግን ታስታውሳለች። አሁንም ጎማው ከእጇ ወደቀና ውሃው እግሯ ላይ ይፈስ ጀመር። ቀኝ እጇ ራሱን ችሎ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ሄደ፣ ነጠላዋን አወረደ፣ እንደ ለቅሶ አዘቅዝቆ ትከሻዋ ላይ ጣለው። ሊዲ የጥርስ ሳሙናውን አረፋ አፏ ውስጥ እንደያዘች ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ቆማለች። እናትና ልጅ አልተያዩም። ከተያዩ ስሙን መጥራት ሊሆን ነው።

በላይነሽ ወንድ ልጅ አላት። ምንተስኖት ይባላል፤ ወታደር ነው። የመጨረሻ ጊዜ የደወለው የጥምቀት ማግስት ነው።

«ለሌላ ጉዳይ ነው!» የሚል ጩኸት ከበሩ ውጭ መጣ። «በላይነሽ፣ በአላህ፣ ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣነው! ለሌላ ጉዳይ ነው!»

ጋሽ ኑሬ ናቸው፤ የሰፈሩ ባለሱቅና የእድሩ ጸሐፊ። በበሩ ስንጥቅ አጮልቀው ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ አይተዋል። ሊዲ በሩን ከፈተች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አብተው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ገቡ፤ ከኋላቸው ጋሽ ኑሬ ቆባቸውን አውልቀው፤ ከሁሉም ኋላ ደግሞ፣ ከሰው ሁሉ መርጠው፣ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ አስከትለዋል። በሰፈሩ ሰው ሲሞት በሌሊት እየዞረ የሚለፍፈው እሱ ነው።

«አፈር ልብላ» አሉ ጋሽ አብተው። «ምን ነካን? ቢሮ ሳትገባ እንድረስባት ብለን ነው እንጂ... ያውም ይሄን አስከትለን።»

«እኔ ጡሩምባውን አልያዝኩም» አለ ጡሩምባ ነፊው ሁለት ባዶ እጁን ዘርግቶ እያሳየ።

«አንተማ ራስህ ጡሩምባ ነህ» አሉት ጋሽ ኑሬ። ማንም አልሳቀም። ሊዲ ዞር ብላ አፏ ውስጥ የቀረውን ተፋችና ቧንቧውን ዘጋች።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በላይነሽ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምራ፣ ከተማው ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ኖራለች። እጇ ፈጣን ነው፣ ጽሑፏም ይነበባል፤ ስለዚህ ትልቅ ስብሰባ አዳማ በመጣ ቁጥር በውሰት ትሄዳለች። ዛሬ ደግሞ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ እየተከለሰ ያለውን የመከላከያ ፖሊሲ ረቂቅ ይዞ፣ አርቃቂዎቹን ከሕዝብ ፊት አስቀምጦ ሊጠይቅ ወደ አንድ ሆቴል ይመጣል። ተሳታፊው በዝርዝር የተጠራ ነው፤ ከእድሩ የተጠራ የለም። የሰፈሩ ሰው ግን ጥያቄ አለው። ጋሽ አብተው ከጋቢያቸው ሥር አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በሰፈሩ ልጁ ዘምቶ ድምፁ የጠፋበት ሰው አለ፤ የእትዬ ቡዜ ልጅ ናሆም ሁለት ዓመት አልፎታል። አንዱ ከግንባር የተመለሰ «ቆስሎ አይቼዋለሁ» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ቀብሬዋለሁ» ይላል። እድሩ ድንኳን ልትከል ቢል መርዶ አልመጣም፤ አልተክልም ቢል ሴትዮዋ ቤቷን ዘግታ ብቻዋን ታለቅሳለች። እትዬ ቡዜ ከዚያ ወዲህ ጥቁርም ነጭም አትለብስም። ሁልጊዜ ቡኒ ነው።

«አንቺ ከውስጥ ነሽ» አሉ ጋሽ አብተው። «ተናገሪ አላልንሽም። ወረቀቷን ብቻ ጥያቄ የሚሰበሰብበት ውስጥ ጣይልን።»

በላይነሽ ወረቀቱን ዘረጋችው። በጋሽ ኑሬ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ የእድሩ ስም፣ ቀጥሎ ጥያቄው፣ ቀጥሎ በቁጥር የተደረደሩ ስሞች፣ ከግርጌ የእድሩ ክብ ማኅተም። አንደኛ ናሆም። ሁለተኛ የጋሽ ኑሬ የወንድም ልጅ ጠሃ። ሦስተኛ ደራርቱ፣ የጥግ ቤቱ ልብስ ሰፊ ልጅ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ በፈቃዷ የሄደች። አራተኛ ምንተስኖት ይትባረክ።

አራተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ማን አስጻፈው ብላ አልጠየቀችም። ሊዲ ጀሪካን አንስታ ወደ ቤት ገባች። ጋሽ ኑሬ የቆባቸውን ጫፍ ያሻሹ ነበር።

«እሺ» አለች በላይነሽ፣ ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት አጥፋ።

በባጃጅ ወደ ሆቴሉ ስትሄድ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር። ከኮረብታው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ነጫጭ ክንፎች ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ ምንተስኖት ልጅ ሆኖ ከመስኮት ቆሞ ይቆጥራቸው ነበር፣ ሁልጊዜ አንድ ያጎድላል። እሷ አምስት ወር ሙሉ አንድ ሐሳብ ይዛ ነው የኖረችው፤ ለማንም አልተናገረችውም፣ ለንስሐ አባቷም ጭምር። ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ስታገላብጥ የተማረችው ነገር ነው፦ የሆነ ቦታ የሆነ መዝገብ አለ። ከልጇ ስም አንጻር የሆነ ነገር ተጽፎበታል፣ ወይም አልተጻፈበትም። ማንም ካልጠየቀ ማንም አይከፍተውም። ያልተከፈተ መዝገብ ደግሞ መልስ የለውም። ልጁ ኔትዎርክ የሌለበት ተራራ ላይ ነው፤ ስልኩ ተሰብሮበታል፤ ሰነፍ ነው፣ ድሮም ለመደወል ሰነፍ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ የሚቆየው አንድ ጸሐፊ ተነሥቶ መደርደሪያውን እስካላየው ድረስ ነው። አሁን ጋሽ ኑሬ በቀጥ ያለ ጽሑፋቸው ያንን ጸሐፊ ሊያስነሡት ነው።

ባጃጁ ሃያ አምስት ብር አስከፈላት። ትናንት ሃያ ነበር። አልተከራከረችም።

የሆቴሉ አዳራሽ ከውጭው ሙቀት በኋላ እንደ ቀዝቃዛ ጉድጓድ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ያጓራል፤ ጠረጴዛው ሁሉ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ፣ በየሰዉ ፊት ግማሽ ሊትር ውሃና አንድ ማስታወሻ ደብተር ተቀምጧል። በሩ ላይ የመሥሪያ ቤቷ ልጅ ማርቲ ስም ትመዘግባለች። ማርቲ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ አፏ አያርፍም፤ ምንተስኖትን ከሕፃንነቱ ታውቀዋለች። በላይነሽን ስታይ ከወንበሯ ተነሣች። «እትዬ፣ ምነው ፊትሽ? ውሃ መጣ መሰለኝ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሁላችንም እንደ ጀሪካን ነው የምንገባው» አለችና ጉንጯን ሳመቻት። ከማርቲ ጠረጴዛ ጎን በመጠቅለያ ወረቀት የተለበጠ የካርቶን ሣጥን አለ፤ ከላይ ቀዳዳ ተበጅቶለት «የጽሑፍ ጥያቄ» ተብሎ ተጽፎበታል። በላይነሽ አየችውና አለፈች። ቦታዋ ከመድረኩ ሥር በስተግራ ነው፤ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ትልቁ መዝገብ፣ ሦስት እስክሪብቶ፣ የኮሚቴው ጽሕፈት ቤት የላከው ደሊል የሚባል ወጣት ከነላፕቶፑና ከነመቅረጫው። ከዚያ ሆና ሁሉን ታያለች፤ እሷን ግን የሚያያት የለም። ቃለ ጉባኤ ያዥ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም ይባላል፤ ሕጉም እንደዚያው ነው፤ አስተያየት አይሰጥም፣ እጅ አያወጣም።

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። አርቃቂዎቹን ወክለው የመጡት ሰው ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «እንደሚታወቀው» ብለው የሚጀምሩ ናቸው። ስለ ድንበር፣ ስለ ባሕር፣ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ተጠባባቂ ኃይል አብራሩ። የኮሚቴው አባላት ተራ በተራ ጠየቁ፤ በጀቱ ከየት ይመጣል፣ ያለፈው ፖሊሲ የጎደለው ምን ነበር፣ ማን ገመገመው። በላይነሽ ጻፈች። እጇ ለብቻው ይሠራል። ከዚያ የተከበሩ ሰሊማ የሚባሉ፣ ከአርሲ የተመረጡ፣ ጠይም፣ መነጽራቸውን ራሳቸው ላይ የሚሰቅሉ አባል ረቂቁን ገልጠው ገጽ አርባ አንድ አሉ። አነበቡትም። የሠራዊቱ አባል ሕይወቱ ሲያልፍ ወይም ያለበት ሳይታወቅ ሲቀር ቤተሰቡ በተገቢው ጊዜ እንዲያውቅ ይደረጋል።

«ተገቢው ጊዜ ስንት ቀን ነው?» አሉ።

«የተከበሩ፣ እንደሚታወቀው ፖሊሲ አቅጣጫ ነው። ዝርዝሩ በመመሪያ ይመለሳል።»

«መመሪያው መቼ ይወጣል?»

«በተገቢው ጊዜ» አሉ ሰውየው፤ ምን እንዳሉ የገባቸው ካሉ በኋላ ነው። አዳራሹ ሳቀ። አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ።

ወይዘሮ ሰሊማ አልሳቁም። «እኛ አገር ሰው ሲሞት በዋለበት አያድርም፤ ይቀበራል። ሦስት ቀን ተለቅሶ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ የምጠይቅዎት ሦስቱ ቀን ከየት ይቆጠር ነው። ቀን ነው? ወር ነው? ዓመት ነው? ቁጥር ይስጡኝ።»

«ቁጥር ፖሊሲ ውስጥ አይገባም፣ የተከበሩ።»

«እሺ፣ ምን ይገባል?»

ሰብሳቢዋ የሻይ ዕረፍት አሉ። በላይነሽ መዝገቡ ላይ «ምን ይገባል?» ብላ ጽፋ እስክሪብቶዋን ከደነች። ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች፤ ቆለፈች፤ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። መጀመሪያ ልትቀደው አሰበች፤ ከግርጌው አንድ መስመር ብቻ፣ በጥፍሯ መስመር አውጥታ። ግን ጋሽ አብተው ማኅተሙን ሲመቱ ዕድሜ ያደከመው ዓይናቸው አስቷቸው ከፍ አድርገው አራተኛው ስም ላይ ነበር ያሳረፉት። ስሙን ብትቀድ ማኅተሙም ሊቀደድ ነው፤ ያለ ማኅተም ደግሞ የነእትዬ ቡዜን ጥያቄ ማን ያነበዋል? ከውጭ ሴቶች እየተሳሳቁ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ አንዷ ስለ ውሎ አበል በኦሮምኛ ትቀልዳለች። በላይነሽ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በስሙ ላይ አንድ መስመር አሰመረች። ምንተስኖት አሁንም ይነበባል። ሌላ መስመር አሰመረች። ይትባረክ የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ የባሏም ስም ነውና። እሱንም አሰመረችበት። ከዚያ ወጥታ፣ ማርቲ ለአንድ ሽማግሌ የውሃ ጠርሙስ ስትከፍትላቸው ጠብቃ፣ ወረቀቱን ሣጥኑ ውስጥ ጣለችው። ሲወርድ ድምፅ አልነበረውም።

ምሳ ላይ ቡፌው ረጅም ነበር፤ እሷ ጎመንና ሩዝ አወጣች፣ አልበላችውም። ማርቲ ሳህኗን አይታ «ለአንቺ የተመደበውን ለእኔ አስተላልፊ፣ በጀት አይመለስም» አለች። በላይነሽ ፈገግ አለችላት። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ እንደ ሁልጊዜው መቶ በመቶ ቻርጅ ነው። ከሰዓት በኋላ የጽሑፍ ጥያቄዎች እንደሚነበቡ መርሐ ግብሩ ላይ ተጽፏል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰብሳቢዋ ሣጥኑን አስከፈቱ። አሥራ አራት ወረቀት ነው። የጡረታ ጥያቄ፣ የካሳ ጥያቄ፣ አንድ ስለ ስብሰባው ምግብ ምስጋና፣ አንድ ግጥም። የእድሩን ወረቀት የዘረጉት ወይዘሮ ሰሊማ ናቸው። መነጽራቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ ማኅተሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ተመለከቱ፤ ከዚያ አዳራሹ ጸጥ እስኪል ጠብቀው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ቀስ ብለው አነበቡት። «እድራችን ድንኳን ለመትከልም ላለመትከልም ተቸግሯል» የሚለው ጋ ሲደርሱ የሳለም የለም። ናሆም። ጠሃ። ደራርቱ። በየስሙ መሃል ትንፋሽ ወሰዱ። ሰብሳቢዋ ማይክራፎናቸውን አበሩ፤ ስሞቹ የኮሚቴው ሪፖርት አባሪ ሆነው እንደሚሄዱ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ በስድሳ ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንደሚጠየቅ፣ ይህም በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ተናገሩ። ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱት ሰው ራሳቸውን ነቅንቀው ማስታወሻ ያዙ። ስድሳ ቀን። በላይነሽ ጻፈችው። ቁጥር ተገኘ ማለት ነው።

«ይቆየኝ» አሉ ወይዘሮ ሰሊማ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተዋል። «ከታች አንድ የተሰረዘ ስም አለ። ማኅተም አርፎበታል። ምንተ... ምንተስኖት ይላል መሰለኝ። ይሄ ልጅ ተገኝቶ ነው የተሰረዘው? ከሰፈሩ ባለቤት የሆነ ሰው እዚህ አለ? ቢነግረን አብረን እናስገባዋለን።»

የአየር ማቀዝቀዣው ያጓራል። ሦስት መቶ ያህል ሰው ዞር ዞር እያለ እርስ በርሱ ተያየ። ማንም ወደ ትንሿ ጠረጴዛ አልተመለከተም፣ ከአንድ ሰው በቀር። ማርቲ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ የምትቀልድበት ፊቷ ሁሉ ጠፍቶ እጇን ግማሽ ድረስ አነሣች። በላይነሽ ከመዝገቧ ቀና ብላ አየቻት። አንገቷን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ግራ አዞረች። አይሆንም። የማርቲ እጅ አየር ላይ ቆይቶ ፀጉሯን እንደሚያስተካክል ሆኖ ወረደ። በላይነሽ ዓይኗን ወደ መዝገቧ መለሰች። አንድ ቃል ብቻ ነው። እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ያዥ አይናገርም የሚለው ሕግ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ ተመችቷት አያውቅም።

«ባለቤት የለውም» አሉ ሰብሳቢዋ። «ይለፍ።»

እስክሪብቶዋ የተባለውን ጻፈ፤ ጽሑፏ እንደ ወትሮው ይነበባል፦ «ስለ አራተኛው፣ ስለተሰረዘው ስም ተጠይቆ ባለቤት አልቀረበም። ታልፏል።»

አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ባዶ ሲሆን እሷና ደሊል ለመተየብ ቀሩ። አስተናጋጆች ውሃው ያላለቀባቸውን ጠርሙሶች ይሰበስባሉ። ደሊል ጎበዝ ልጅ ነው፤ እሷ ታነባለች፣ እሱ ይመታዋል፣ እየተየበም ስለ ደብረ ዘይት መንገድ መጨናነቅ ያወራል። አባሪው ጋ ደረሱ። ሦስቱን ስሞች ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን በጣቱ ቀጥ አደረገና «ማዘር፣ ይሄን የተሰረዘውን ከግርጌ በማስታወሻ ላስገባው ወይስ ልተወው? ለእኔ ያው ነው፣ እርስዎ ይወስኑ» አለ።

በላይነሽ ስክሪኑን አየች። አራት ቁጥር ተጽፏል፤ ከጎኑ ትንሿ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ትጠብቃለች። ልጇ በስድስት ዓመቱ ትምህርት ቤት በር ላይ እንዲህ ነበር የጠበቃት፤ ዘግይታ ስትደርስ ሰው ሁሉ ሄዶ፣ ዘበኛው በሩን እየዘጋ፣ እሱ ብቻውን ቦርሳውን አዝሎ። ለምን አላለቀስክም ስትለው «እንደምትመጪ አውቃለሁ» ነበር ያላት። ስድሳ ቀን። ነሐሴ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሰው ፖስታ ይዞ ይመጣል፤ ወይም ሦስት ሰው ያለ ፖስታ፤ ጎህ ሲቀድ።

«ልጄ፣ የተባለው ነው የሚጻፈው» አለችው። «ታልፏል ተብሏል።»

ደሊል አራት ቁጥርን አጠፋው። አራት ኮፒ ታተመ፤ እያንዳንዱን ገጽ ፈረመችበት፤ አንዱን ለራሷ ያዘች።

ሰፈር ስትደርስ ፀሐይ ገና ከኮረብታው ጀርባ መግባቷ ነው። እትዬ ቡዜ በበላይነሽ በር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ቡኒ ቀሚስ፣ ቡኒ ሻርፕ፤ ጋሽ አብተውና ጋሽ ኑሬ ማዶ ሱቁ ደጃፍ ቆመዋል፣ ጠጋ አላሉም። የጠዋቱን አልረሱትም።

«ናሆሜ ተነበበ?» አለች እትዬ ቡዜ ሳትነሣ።

«ተነበበ።»

«በማይክራፎን?»

«በማይክራፎን። ከነአባቱ ከነአያቱ። በስድሳ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል ተብሎ ተጽፏል፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

እትዬ ቡዜ የበላይነሽን እጅ ያዘች፤ የጻፈውን እጅ፤ መዳፉን ገልብጣ ሳመችው። «እንግዲህ ቁርጡን አውቃለሁ» አለች። «ሞቶም ከሆነ እንደ ሰው አለቅስለታለሁ። አንቺ ልጅ፣ አትፈሪም እኮ። የተማረ ሰው ደስ ይላል።» በላይነሽ እጇን መንጠቅ ፈለገች፤ አልነጠቀችም። ከማዶ ጋሽ ኑሬ «ሁሉም ገባ?» ብለው ተጣሩ። ራሷን ነቀነቀችላቸው። እሳቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው ፊታቸውን አበሱ።

ሊዲ ከሥራ ቀድማ ገብታ ግማሽ ኪሎዋን ሽንኩርት ከትፋ ሽሮ ሠርታለች። ተቀመጡ። ሁለት ሰው፣ አንድ ትሪ፣ ሦስተኛው በርጩማ ባዶውን ከግድግዳው ተጠግቶ። ሊዲ ጎረሰች፤ ውሃ ጠጣች፤ ዛሬ መስመራቸው ላይ ሁለት መቶ ሸሚዝ በቁልፍ ስህተት እንደተመለሰ ነገረቻት። በላይነሽ እህ አለች። ከጎረቤት የሰርግ ዘፈን ይሰማል። ሽሮው እየረጋ ሄደ።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኩት» አለች ሊዲ ድንገት፣ ትሪውን እያየች። «እሁድ ለጋሽ ኑሬ ነገርኳቸው። እምቢ ብለውኝ ነበር፣ እናትሽን ጠይቂ ብለው። አለቀስኩባቸው። እማዬ፣ እኔ እንዲህ መኖር አልችልም። በር በተንኳኳ ቁጥር አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ተነበበ?»

በላይነሽ አፏን ከፈተች። ለሦስት መቶ ሰው ያልወጣው ቃል ለአንድ ልጅም አልወጣም። «ውሃው ጠዋት ስንት ጀሪካን ሞላ?» አለች።

ሊዲ ትሪውን ገፋ አደረገች። ከዚያ እጇን ታጠበች፣ በፎጣ አደረቀች፣ ተነሥታ የእናቷን ቦርሳ ከምስማሩ አወረደች። በላይነሽ አልከለከለቻትም። ኮፒው ስምንት ገጽ ነው። ሊዲ አምፖሉ ሥር ቆማ እየገለጠች ሄደች፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷን መስመሮቹ ላይ አስቀምጣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እያንዳንዱን ነካች። አባሪ አንድ፣ ያሉበት እንዲጣራ በእድሩ የቀረቡ ስሞች። አንድ፣ ናሆም። ሁለት፣ ጠሃ። ሦስት፣ ደራርቱ። ከሥሩ የእናቷ ፊርማ አለ። የወንድሟ ስም የለም።